የፓኬጅ ስምና የጊዜ ውል፦ ሊኑክስን ስለ ማሻሻል
(በሰንጋ ተራ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ብዙ ባለሙያዎች ከዓመት ዓመት የሚያሳድሩት ሥራ ነው፤ አገልግሎት ላይ ያለን የሊኑክስ ሰርቨር ወደ አዲስ ዕትም ማሻሻል። ሥራው ተጀምሮ በመሐል «የፓኬጁ ጥገኝነት አልተሟላም» የሚል መልእክት ሲመጣ አንዳንዱ ይተወዋል፤ አንዳንዱም በግድ ይጭናል። እኔ ግን ይህ መልእክት ከብልሽት ይልቅ የውል ማስጠንቀቂያ ነው እላለሁ።

በኡቡንቱም ሆነ በደቢያን እያንዳንዱ ፓኬጅ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች በስምና በዕትም ቁጥር ያስመዘግባል። አፕት የተባለው መሣሪያ ሁሉም ውሎች በአንድነት የሚጸኑበትን ስብስብ ይፈልጋል፤ ካጣ ይቆማል። ስለዚህ በዚህ ዓለም ስም ከባድ ነገር ነው። ያለንበት ሰፈር ሰንጋ ተራ ይባላል፤ ዙሪያችንን የምናየው ግን የባንክ ሕንፃ እንጂ ሰንጋ አይደለም። ሰው በዚህ አይሳሳትም። ፕሮግራም ግን ይዘቱ ተለውጦ ስሙ እንደ ነበረ የቀረ ላይብረሪ ሲያጋጥመው ይሳሳታል።

ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ኡቡንቱ 24.04 ሲወጣ ሊብአሳውንድ2 የተባለውን የድምፅ ላይብረሪ ለመጫን የሞከሩ ሰዎች «የሚጫን ፓኬጅ የለም» ተባሉ። ላይብረሪው አልጠፋም፤ ስሙ ሊብአሳውንድ2ቲ64 ሆኖ ነበር። ሌሎች ብዙ ላይብረሪዎችም ይህንኑ «ቲ64» የሚል ቅጥያ አገኙ። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ደቢያን 13ም ይህንኑ ለውጥ ይዟል።

ምክንያቱ ጊዜ ነው። ሊኑክስ ጊዜን የሚቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ባለፉ ሰከንዶች ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት ከተያዘ ከ2,147,483,647 ማለፍ አይችልም። ይህም የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በቀጣዩ ሰከንድ ያልታደሰው ሰዓት ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል።

መፍትሔው ቁጥሩን ወደ 64 ቢት ማስፋት ነበር። ነገር ግን በጠባቡ ልክ የተሠራ ፕሮግራም ሰፊውን ላይብረሪ ቢያገኝ መረጃውን አዛብቶ ያነባል። ሁለቱ እንዳይገናኙ ስሙ ተለወጠ። በ64 ቢት ማሽኖች ላይ ቁጥሩ ቀድሞም ሰፊ ነበር፤ በእነርሱ ላይ ስሙ የተለወጠው አሠራሩ አንድ ወጥ እንዲሆን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድሞ የመረጃ ቅጂ ይያዝ። ያለው ዕትም ሙሉ በሙሉ ይታደስ፤ ከሌላ ምንጭ የመጡና እንዳይለወጡ የታገዱ ፓኬጆች ይለዩ። ዕትም አይዘለል፤ ከ20.04 ወደ 24.04 የሚኬደው በ22.04 በኩል ነው። አፕት «እነዚህን አጠፋለሁ» ብሎ ሲዘረዝር ዝርዝሩ ሳይነበብ «እሺ» አይባል። መብራት በመሐል ቢጠፋም ተስፋ አይቆረጥ፤ ዲፒኬጂ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ሁኔታ ስለሚመዘግብ ብዙ ጊዜ ካቆመበት ማስቀጠል ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሊኑክስን ማሻሻል ብቻውን አይበቃም። በማይኤስኪውኤል «ታይምስታምፕ» የተባለው የቀን ዓይነት ለረጅም ዘመን የተሠራበት ወሰኑ ያችው የጥምቀት ንጋት ሆኖ ነው። ዛሬ የተፈረመ የ15 ዓመት የቤት ብድር የመጨረሻ ክፍያው ከዚያች ንጋት በኋላ ይውላል። በመስኮታችን በኩል በሚታዩት ባንኮች ለሚሠራ ባለሙያ ችግሩ የ2030 ሳይሆን የዛሬ ነው። ስለዚህ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱ ሁለት ነገር መርምሩ፦ ሰርቨሩ የትኛው ዕትም ላይ እንዳለና የውል ማብቂያ ቀኖች በምን ዓይነት እንደ ተመዘገቡ።