ልብን አንድ ላይ የሚያስመታው ምንድን ነው?

እስቲ ሁለት ጣታችሁን ከእጅ አንጓችሁ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉ። ትር ትር ሲል ተሰማችሁ? ለዚያች አንዲት ምት በቢሊዮን የሚቆጠሩ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ተባብረው ተኮማትረዋል። ማን አስማማቸው?

የሚያስማማቸው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚነሳው ከልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል፣ ከጥቂት ሕዋሳት ነው። ከዚያ ወዲያ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ሁለት ሕዋሳት በሚነካኩበት ቦታ ኮኔክሲን የተባሉ ፕሮቲኖች ስድስት ስድስት ሆነው ቀለበት ይሠራሉ። የአንዱ ሕዋስ ቀለበት ከሌላው ጋር ሲገጥም ጠባብ ቱቦ ይሆናል፤ ስፋቱ 1.5 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ያልፉበታል፤ ፕሮቲን ግን አያልፍበትም። የኤሌክትሪክ ምልክቱ የሚጓዘው በዚሁ ነው።

ቱቦው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ልብ በተኮማተረ ቁጥር ሕዋሳቱ በተላቀቁ ነበር። ዴስሞሶም የሚባል ሌላ መጋጠሚያ እንደ ጠንካራ ስፌት ይይዛቸዋል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ይሄ ነው። አንድ ሕዋስ ክፉኛ ሲጎዳ ካልሲየም ያጥለቀልቀዋል። ያን ጊዜ ቱቦዎቹ ይዘጋሉ፤ ጉዳቱ ጎረቤቶቹን እንዳያዳርስ።

በማህፀን ጡንቻም እነዚሁ ቱቦዎች አሉ። በእርግዝናው ወራት ጥቂት ናቸው፤ የመውለጃው ጊዜ ሲቃረብ ይበዛሉ። እናት ምጥ ሲመጣባት ሆዷ ባንድ ጊዜ ግትር ብሎ የሚጠነክረው፣ የማህፀኗ ሕዋሳት በእነዚህ ቱቦዎች ተያይዘው አብረው ስለሚኮማተሩ ነው።