ምግባችንን ማን መዘገበው?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ስለ ሥርዓተ ምግብ ምርምርና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ሂሳብ ነው። ስለዚህ ርዕሱን የማየው በሙያዬ ዓይን ነው፦ መዝገቡ የት አለ? ማንስ ጻፈው?

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከመካከላችን ስኳር ያለባቸውን እናቶቻቸውን ምግብ በስልክ የሚያሰሉ አሉ። ማዕዱን ፎቶ ያነሳሉ፤ ስልኩ ይህን ያህል ካሎሪ፣ ይህን ያህል ካርቦሃይድሬት ይላል። አንዷ እህታችን ስልኳ እንጀራውን ፓንኬክ እንዳለው ስትነግረን ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን በዚያ ቁጥር ተማምኖ ምግብ የሚቀንስ፣ አልፎም መድኃኒቱን የሚያዛባ ሰው ካለ ሳቁ ይቀራል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ማሽኑ አስቀድሞ ብዙ ፎቶ እያየ የምግብ ዓይነት መለየት ይማራል። ከዚያ መጠኑን ይገምታል፤ በመጨረሻም የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ያባዛል። ማባዛቱን አይሳሳትም። ችግሩ ያለው ከማባዛቱ በፊት ነው። የእንጀራው ዱቄት ንጹሕ ጤፍ ይሁን ወይስ ሩዝና ማሽላ የተቀላቀለበት፣ ሽሮው ከአተር ይሁን ከሽምብራ፣ ወጡ ውስጥ ስንት ጭልፋ ዘይት እንደገባ ከፎቶ አይታይም። በሂሳብ ሥራ ያልተመዘገበ ወጪ በመዝገቡ ላይ የለም፤ ከካዝናው ግን ወጥቷል። የማይታየው ዘይትም እንደዚያው ነው።

ታዲያ የእኛን ምግብ የመዘገበ የለም? አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ሥርዓተ ምግብ ክፍል ተቋቋመ። ብዙዎቻችን ያደግንበት የፋፋ ዱቄት የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። በ1968 ደግሞ ኦግሬን የተባሉ ተመራማሪና ሮዛሊንድ ጊብሰን የኢትዮጵያ ምግቦችን ይዘት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አሳተሙ። ተከታዮቹ ክፍሎች እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ወጥተዋል። ሥራውን የወረሰው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከፒያሳ ብዙም አይርቅም፤ ፓስተር ነው ያለው።

የሮዛሊንድ ጊብሰን የሙያ ጉዞ ልብ ሊባል ይገባል። በወጣትነታቸው እዚህ ከተማ የጀመሩትን ሥራ ይዘው በካናዳና በኒውዚላንድ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ። የሰውን የሥርዓተ ምግብ ሁኔታ እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1990 አሳተሙ፤ እስከ ዛሬም ተማሪዎች ይማሩበታል። ከብዙ ዓመት በኋላም ተመልሰው ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በሲዳማ የነፍሰ ጡር እናቶችን ምግብ አጥንተዋል። ያጠኑት ለምሳሌ ዚንክን ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ዚንክንና ብረትን አስሮ ሰውነት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። ማቡካት ፋይቴትን ይቀንሳል። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ አቡክተው ሁለት ሦስት ቀን ሲያቆዩ ጣዕም ብቻ አልነበረም የሚያመጡት። ይህም ከፎቶ አይታይም።

በማሽኑ በኩል ደግሞ የእኛው ከተማ ልጆች አሉ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ዶ/ር ትምኒት ገብሩ በ2018 ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋር ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የታወቁ ፕሮግራሞችን ፈትሻ ነበር። ፈዘዝ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። አንዱ ምክንያት ማሽኖቹ የተማሩባቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የእኛ ዓይነት ፊት የሌለባቸው መሆናቸው ነው። ፊታችንን እንዲህ ከሳተ ማዕዳችንን ቢስት አይገርምም። ሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ዶ/ር ረድኤት አበበ ከባልደረቦቿ ጋር በ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ወባና ስለ ሳንባ ነቀርሳ ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚጠይቁ አጥንታለች። ከጥያቄዎቹ መካከል ስለ መገለልና ስለ ባህላዊ ፈውስ የሚጠይቁ ነበሩ። ሰው ለሐኪም የሚያፍረውን ለማሽን ይጠይቃል ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ምን ብሎ እንደሚመልስ ግድ ሊለን ይገባል።

ከዚህ ተነስቼ ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ ስልኩን ተጠቀሙ፣ ግን ስልክ ባለው ብቻ የስኳር መድኃኒት አትቀንሱ፣ አትጨምሩ። በደብተር የተበላውን፣ ስንት እንጀራና ስንት ጭልፋ እንደሆነ፣ ከጎኑም የተለካውን ስኳርና ሰዓቱን ጻፉ። ይህን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ማኅበራችን በሚሸጠው ሽሮና የሕፃናት ዱቄት ላይ ምን ምን፣ በምን መጠን እንደገባ እንጻፍ። ከፒያሳ ተነሥተው ሌላ ሰፈር የገቡ አባሎቻችን ቤት ማቡካት ትተው ከሱቅ ይገዛሉ። የሚገዙትን የማወቅ መብት አላቸው። የመለጠፊያውን ወጪ አስልቼ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጆቻችሁ ባዮሎጂ ወይስ ኮምፒውተር እያሉ ሲጨነቁ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ሙያ እንዳለ ንገሯቸው። አራት ኪሎ ግቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስና ሥርዓተ ምግብ ማዕከል አለ፤ ከዚህ በእግር ይደረሳል። ነገ ማሽኑን የሚያስተምር ሰው ጤፍ ከማሽላ የሚለይ፣ የእርሾን ጥቅም የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። እንዲህ ያለች ልጅ የምትገኘው ከእኛ ጓዳ ነው።