ፎቶግራፍና የተማሪ ጋዜጠኛ ኀላፊነት
(በትምህርት ቤታችን ክብረ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



 ሁለት ዓመት የጋዜጣችን ፎቶግራፍ አንሺ ሆኜ ሳገለግል የተማርሁትን፣ ያጠፋሁትንም ጭምር፣ ለሚተኩኝ ታናናሾቼ ለማስረከብ እወዳለሁ።

በቀድሞው ካሜራ ብርሃን የሚያርፈው በፊልም ላይ ነበር። የተለመደው አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶግራፍ ብቻ ስለሚይዝ አንሺው ሳያስብ አይጫንም፤ ያነሣውንም ፊልሙ ታጥቦ እስኪታተም ድረስ አያየውም ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ብርሃኑ የሚያርፈው ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ካሜራውም ይህን ወደ ቍጥር ለውጦ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለውን ካሜራ መጀመሪያ የሠራው የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ሲሆን ጊዜውም 1975 እ.ኤ.አ. ነበር። ምስሉ ከ10,000 ነጥቦች ብቻ የተሠራ ሆኖ ሳለ በካሴት ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ነጥቦችን በቅጽበት ይመዘግባል።

ይህ መሣሪያ ስሕተትን ወዲያው ስለሚያሳይ ለተማሪ መልካም መምህር ነው። እኔም በመጀመሪያ የተማርሁት ብርሃንን ነው። በእኛ በደብረ ማርቆስ ደጋ በቀትር ፀሐይ የተነሣ ሰው ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ተሸፍኖ ይጠፋል። ጧትና ወደ ማታ ግን ብርሃኑ በጎን ስለሚመጣ የፊት መልክም የጋቢ ዕጥፋትም ይለያል። ቀጥሎ የተማርሁት መቅረብን ነው፤ ከሩቅ የተነሣ ሕዝብ ጕም ይመስላል፤ ቀርበው ያነሡት አንድ ፊት ግን ይናገራል።

ምስል ታላቅ ኃይል አለው። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም የነበረውን ረኃብ በካሜራው ቀርጾ ባሳየ ጊዜ በብዙ አገር ያለ ሕዝብ ለርዳታ ተነሥቷል። ነገር ግን የሚረዳ ኃይል ሊጐዳም ይችላል። ይህን የተማርሁት በገዛ እጄ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጧት፣ ራሱን በጠረጴዛው ላይ ጥሎ የተኛ ተማሪ አየሁ። የመስኮቱ ብርሃን በፊቱ ላይ ወርዶ ነበርና ምስሉ አማረኝ። አነሣሁትና «የትምህርት ሰዓት ወይስ የእንቅልፍ?» ብዬ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለጠፍሁት። ሁሉም ሳቀ። በማግሥቱ ልጁ አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ደንግጬ ወደ ተከራየበት ቤት ሄድሁ። ለካ እሑድ ስንቁን ሊያመጣ ከጮቄ ሥር ወዳሉት ወላጆቹ ሄዶ፣ ገብስና ድንች ተሸክሞ ሌሊቱን በእግሩ ሲገሠግሥ አድሮ፣ ክፍል እንዳያመልጠው ሳይተኛ የገባ ነበር!

ሰነፍ ብዬ የለጠፍሁት ከሁላችን ይልቅ ትጉህ የነበረውን ነው። ካሜራው አልዋሸም፤ የዋሸው ከሥሩ የጻፍሁት አንድ መስመር ነው። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ የዓመቱ ምርጥ ጽሑፍ በእጄ ነበር። ምስሉን አንሥቼ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም ተመልሶ ገባ። ያን ሳቅ ከጆሮው አወጣሁለት ለማለት ግን አልደፍርም።

ስለዚህ ታናናሾቼ ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። ከመለጠፋችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስለምን እንደ ሆነ ጻፉ። የጨለመውን ምስል ብታበሩት አይከፋም፤ የነበረውን ሰው ማጥፋት ወይም ያልነበረውን መጨመር ግን ሐሰት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ምስል ሳትነኩ አኑሩት። ደግሞም «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ እኔ የለጠፍሁትን ከግድግዳ ላነሣው ቻልሁ፤ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈውን ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ወላጆቻችንም ልጃችሁ ካሜራ ሲይዝ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ «ልጄ፣ ጠይቀህ ነው ያነሣኸው?» በሉት።

ዛሬ የጋዜጣችንን ካሜራ አስረክባለሁ። አዝራሩን መጫን በአንድ ቀን ይለመዳል፤ ከመጫን በፊት መጠየቅ ግን እኔን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።