«እዚህ እኮ ታጥሯል» አንበል
(በዓርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

ዓርብ አንዲት የዕረፍት ቀናችን ናትና አላስረዝምባችሁም።

የማወራው ስለ ደህንነት ቀበቶ ነው፤ ሳይት ላይ ሃርነስ ስለምንለው። መከታ በሌለበት ጫፍ ላይማ ማንም አስታዋሽ አይፈልግም፤ ፍርሃቱ ራሱ ያስታጥቀዋል። ቀበቶው የሚወልቀው ስካፎልዱ አልቆ፣ መከታው ተሠርቶ፣ አረንጓዴው ካርድ ሲንጠለጠል ነው። «እዚህ እኮ ታጥሯል፣ ሴፍቲው አይቶታል» እንላለን። በዚያ ላይ የሪያድ ሙቀት አለ፤ ቀበቶው ይከብዳል፣ ያልባል፣ ሥራ ያዘገያል። ይገባኛል።

ግን አረንጓዴ ካርድ የሚለው «በተመረመረበት ሰዓት ደህና ነበር» ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ዕቃ ለማስገባት መከታውን ፈትቶ ሳይመልሰው ቢሄድ፣ ጣውላው ቢንሸራተት፣ ካርዱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በረዷማ አገር ሰዎች ለመዝናናት ከተራራ ላይ በበረዶ ይንሸራተታሉ። ባለሙያዎች ተራራውን አስቀድመው ይፈትሻሉ፣ ሊናድ የሚችለውን በረዶ በፈንጂ ያፈርሳሉ፣ ከዚያ ክልሉን ከፍተው ሰው ያስገባሉ። ሆኖም ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሊሴድስ ታሆ በሚባል ቦታ፣ በዚያው በተከፈተው ክልል ውስጥ በረዶ ተንዶ አንድ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያውቁት በክልሉ ውስጥም ሦስት ነገር ይይዛሉ፦ የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም መሣሪያ፣ ረጅም መፈለጊያ ዘንግና አካፋ። ልብ በሉ፤ የተቀበረው ሰው በራሱ አካፋ አይወጣም፤ የሚያወጣው ጓደኛው ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ተስፋው ይመነምናል።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ከ5 ሜትር የሚወድቅ ሰው በ1 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል፤ በዚያች ሰከንድ መንጠቆ የሚፈልግ የለም። ቀበቶ ለብሶ መንጠቆውን ከጠንካራ ነገር ጋር ያላያያዘ እንዳልለበሰ ነው።

ሲያያዝም ከራስ በላይ ይሁን። የ2 ሜትር ገመድ በእግር ደረጃ ከታሰረ፣ ገመዱ ተዘርግቶ፣ ድንጋጤ መቀነሻው ተተርትሮ፣ የሰውየው ቁመት ተጨምሮ ከሥሩ 6 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ቦታው ከዚያ ካነሰ ቀበቶ እያለም መሬት ሊመታን ይችላል። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው የያዘ ቀበቶ ደግሞ ተመልሶ አይለበስም።

ቀበቶው ያዘው እንበል፤ ከዚያስ? ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ራሱን ይስታል፤ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ከጎናችሁ ያለውን፣ ሐበሻም ይሁን ፓኪስታኒ፣ «ብንጠለጠል በምን ታወርደኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መሰላሉ የት ነው? ማንሊፍቱ የት ነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ሪያድ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ነው፤ ቀይ ጨረቃ 997። እርዳታ እስኪደርስ የተንጠለጠለው እግሩን ያንቀሳቅስ፤ ገመድ ቋጥራችሁ መርገጫ ብትሰጡት ይረዳዋል።

ቤት ውስጥ ለምትሠሩ እህቶቼም ነገሩ ያው ነው። «መስኮት እኮ ነው፣ ቤት ውስጥ ነኝ» አትበሉ። ፎቅ ላይ ያለን መስኮት በረጅም እጀታ መወልወያ ከውስጥ ሆናችሁ አጽዱ። ደፉ ላይ አትቁሙ፤ ማዳም ብትቆጣም ውጪውን ቆማችሁ አታጽዱ።

«ቀበቶ ግዛ» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ ሕጉን እወቁ። በሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 122 መሠረት አሠሪው ከአደጋ ሊጠብቃችሁ ይገባል፤ ለመከላከያው ዕቃ ከደሞዛችሁ መቁረጥ አይችልም። አንቀጽ 124 ደግሞ እኛ ዕቃውን እንድንጠቀምበትና እንድንጠብቀው ያዛል። ቅሬታ ካላችሁ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው።

ማኅበራችን ሬሳ ለመሸኘት ማዋጣት ያውቅበታል። ሁለት ሁለት ሆኖ ቀበቶ መፈተሽ ግን መዋጮ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ዓርብ ቀበቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ስፌቱን፣ መንጠቆውንና ድንጋጤ መቀነሻውን አብረን እናያለን፤ የተንጠለጠለን ሰው ማውረድም እንለማመዳለን። የሌላችሁም ኑ፤ አውራጁ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።