የታማሚ ፈቃድና የአስታማሚ ድርሻ



ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን አስከብሯል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። ሐኪሙ ክፉውን ውጤት አስቀድሞ የሚነግረው ለማን ነው? ብዙ ጊዜ ለአስታማሚው። ታማሚው አልጋው ላይ ሆኖ የልጆቹን ፊት ያነባል።

ልማዱን የወለደው ርኅራኄ ነውና በጭካኔ ልወቅሰው አልሻም፤ እኔም አባቴን ሳስታምም ቀድሜ ሰምቼ ደብቄአለሁ። ሆኖም የታማሚው ዝምታ እንደ ፈቃድ፣ ዝምድናም እንደ ውክልና ሊቆጠር አይገባም። አእምሮው የተሟላ አዋቂ ሰው ካርድ ሲያወጣ «ውጤትዎን ከእርስዎ ሌላ ለማን እንንገር?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱ በካርዱ ላይ ይስፈር፤ ሐሳቡን በለወጠ ጊዜም ያለ ምክንያት ይሰረዝለት። «ለማንም» ካለ፣ በር ላይ የቆመው የበኩር ልጅ ቢቆጣም ሐኪሙ ዝም ማለት አለበት።