ያልተገኘው ሞገድና የፈላጊዎቹ ትዕግሥት



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ንግግር እንዲሰማ ሲፈቀድልን፥ ስለ ተገኘ ነገር ከመናገር ይልቅ ስለሚፈለግና ገና ስላልተገኘ ነገር ለመናገር መረጥን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልበርት አይንስታይን በ1916 ዓ.ም. ከባድ አካሎች ሲንቀሳቀሱ ኅዋውን ራሱን የሚያናውጥ ሞገድ እንደሚልኩ በሒሳብ አመለከተ። ይህም የስበት ሞገድ ይባላል። ነገር ግን እጅግ ደካማ ስለ ሆነ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቀጥታ የያዘው መሣሪያ አልነበረም። በዚያ ዓመት በአሜሪካ፥ በሃንፎርድና በሊቪንግስተን የተተከሉት ላይጎ የተባሉ ሁለት መሣሪያዎች፥ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ክንዶቻቸው ውስጥ የሌዘር ብርሃን እያመላለሱ፥ ጥቁር ጕድጓድ የሚባሉ ሁለት እጅግ ከባድ የሰማይ አካሎች ሲዋሐዱ የተነሣውን ሞገድ ያዙ። ሞገዱ ግን አንድ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ አለፈ። እንደ አንድ የከበሮ ምት ነበር።

ሊቃውንቱ የሚፈልጉት ሌላው ሞገድ እንደ በገና ድምፅ ዝግ ብሎ ሳያቋርጥ የሚመጣ ነው። ምንጩም የኒውትሮን ኮከብ ነው ተብሎ ይታሰባል። የኒውትሮን ኮከብ ማለት አንድ ታላቅ ኮከብ ፈንድቶ ሲጠፋ የሚቀረው እምብርት ነው፤ ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ከዳር እስከ ዳር ግን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከእነዚህ ከዋክብት የሚመጣውን የራዲዮ ምት በመጀመሪያ ያስተዋለችው በ1967 ዓ.ም. በካምብሪጅ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል ናት።

እናቶቻችን ሲፈትሉ እንዝርቱን አይተናል። ሚዛኑ የተስተካከለ እንዝርት ጸጥ ብሎ ይዞራል፤ ባንድ ወገን ያደላ ግን ይንቀጠቀጣል። ኮከቡም እንዲሁ ነው። ፍጹም ልሙጥ ሆኖ ቢዞር ሞገድ አይልክም፤ በአንድ ወገን ጥቂት ጕብታ ካለበት ግን አንድ ዙር በዞረ ቍጥር ሁለት ጊዜ ኅዋውን ያናውጣል። ለምሳሌ የቻይና ሰዎች በ1054 ዓ.ም. ፍንዳታውን ካዩት ኮከብ የቀረው፥ ክራብ የተባለው ፑልሳር፥ በየሴኮንዱ 30 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ሞገዱ በሴኮንድ 60 ጊዜ ገደማ የሚመላለስ መሆን አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኀይልም በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ፥ የኤሌክትሪኩ ጕርምርምታ ከኮከቡ ድምፅ አጠገብ ይወድቃል። ደግሞም ምድር በየሴኮንዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች ፀሐይን ስለምትዞር፥ የሞገዱ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚል ይመስላል። ፈላጊዎቹ ይህን ሁሉ እያረሙ የብዙ ወራት መዝገብ ይደምራሉ። ስፍራው ያልታወቀ ኮከብ ሲፈለግማ ሰማዩን ሁሉ ቍራሽ በቍራሽ መሞከር ግድ ነው፤ ለዚህም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ፈቃደኞች ኮምፒዩተራቸው ሥራ በፈታ ጊዜ ለስሌቱ አውሰዋል።

ታዲያ ምን ተገኘ? ሞገዱ እስካሁን አልተያዘም። «ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ በትምህርት ቤት ውጤት የሚባለው የተገኘ መልስ ነውና። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ክራብ ዓመት ካመት ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከሚያጣው ኀይል ምን ያህሉ በስበት ሞገድ እንደሚሄድ ግን በልኬት አልታወቀም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሞገዱን ፈልገው ሲያጡት፥ ከመቶ 4 እጅ እንደማይበልጥ ታወቀ፤ በኋላም መሣሪያው ሲሻሻል፥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ እንደማይሞላ ተረጋገጠ። በየሴኮንዱ ከ170 ጊዜ በላይ በሚዞር በሌላ ኮከብ ላይም፥ ጕብታ ቢኖር ቁመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር እንደሚያንስ በ2020 ዓ.ም. ተገለጠ። የዚህን ኮከብ ፊት በቅርብ ያየ ዐይን የለም፤ ምን ያህል ልሙጥ እንደ ሆነ ግን የታጣው ሞገድ ነገረን።

እንግዲህ ሳይፈልጉ «የለም» ማለትና በሚገባ ፈልገው «እስከዚህ ድረስ የለም» ማለት ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ ስንወጣ የተመኘነውን ቶሎ የምናገኝ እንኖራለን፤ የማናገኝም እንኖራለን። ለሁላችንም የሚያስፈልገን አንድ ነው፤ ይኸውም የደረስንበትን በትክክል መመዝገብና ያላገኘነውን አገኘን አለማለት ነው። መምህሮቻችን በላቦራቶሪ ያስተማሩን ይህን ነው፤ እግዚአብሔር ድካማቸውን ይቍጠርላቸው።