ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሰደድ እሳትና እየሞቀ ያለው ደጋችን

በጥሊሊ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



የንግግሬን ርእስ የወሰድሁት ሁላችንም ከምናውቀው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ስንል ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ጠብ፣ ስለ ዕዳ ወይም ስለ በሽታ ነው። እኔ ግን ዛሬ ቃሉን ወደ እሳቱ ልመልሰው እወዳለሁ። በገጠራችን ሰደድ እሳት ሲነሣ ሰው ቅጠል የለበሰ ቅርንጫፍ ቆርጦ ነበልባሉን እየቀጠቀጠ ያጠፋል። ዘዴው የሚሠራው ግን ነበልባሉ ዝቅ ያለ ሲሆን ብቻ ነው። ነበልባሉ ከሰው ቁመት ካለፈ ሙቀቱ ሰው አያስጠጋም፤ ቅርንጫፉም ራሱ ማገዶ ይሆናል። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እየሞቀ በሚሄድ ዓለም ውስጥ እሳቱ በቅጠል የሚጠፋ ሆኖ እንዲቆይ ምን ማድረግ ይገባናል?

በቅድሚያ ስለ ሙቀቱ ልናገር። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው የውኃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በክረምት ይህ ማለት ከበድ ያለ ዝናብ ሊሆን ይችላል። በበጋ ግን አየሩ የሚጠጣው ውኃ ሲያጣ ከሣሩ፣ ከቅጠሉና ከአፈሩ ይመጥጣል። በሌላ አነጋገር፣ የሞቀ አየር የተጠማ አየር ነው። በኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ መጨመሩ ተመዝግቧል። ዝናቡ ባይቀንስ እንኳ የበጋው ሣር ከቀድሞው ፈጥኖ ይደርቃል ማለት ነው።

የዚህ ጥማት ውጤት በዓለም ላይ ጎልቶ ታይቷል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2023 በአንድ የእሳት ወቅት 15 ሚሊዮን ሄክታር ያህል አጥታለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2022 ያወጣው ዘገባ፣ እጅግ ከባድ የሚባሉት እሳቶች ቁጥር እስከ 2030 በ14 በመቶ፣ እስከ 2050 በ30 በመቶ፣ እስከ ምዕተ ዓመቱ ማብቂያ ደግሞ በ50 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ገምቷል።

ይሁን እንጂ ተማሪዎቼ አንድ ተቃራኒ የሚመስል እውነት እንዲያውቁ እሻለሁ። በሳተላይት የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2015 ድረስ በዓለም በየዓመቱ የሚቃጠለው መሬት ስፋት በሩብ ያህል ቀንሷል። ዋናው ምክንያት የሣር ምድር እየታረሰና እየተቆራረጠ መሄዱ ነው፤ ይህም በአፍሪካ ጎልቶ ይታያል። ታዲያ ዓለም እየሞቀ ሳለ የሚቃጠለው መሬት እንዴት ሊቀንስ ቻለ? መልሱ የንግግሬ መሠረት ነው። አየሩ ሣሩን ያደርቃል፤ እሳቱ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስነው ግን በምድሩ ላይ የተዘረጋው ተቀጣጣይ ነገር ነው። አየሩን ከጥሊሊ ሆነን ልንገዛው አንችልም። ምድሩ ግን በእጃችን ነው።

ከአገራችን ታሪክ ሁለት እሳቶችን ላንሣ። በ1992 ዓ.ም. በጋ፣ ዝናብ በጠፋበት ወቅት፣ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ አቃጥሏል። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘመቱ፤ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መጡ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ ሕዝቡ ገደል ለገደል እየወጣ በቅጠልና በአፈር ታግሏል። በእንዲህ ያለ ቦታ እሳትን ማሳደድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንድ መመዘኛ ይነግረናል፦ በዳገት ላይ ወደ ላይ የሚሮጥ እሳት፣ የዳገቱ ተዳፋት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ይሆናል። ሰው ግን ዳገት ሲወጣ ይዘገያል።

ሁለቱም እሳቶች የደረሱት በጋው በከፋበት፣ ማጥፋቱም ውድ በሆነበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ለኮሰው?» በሚለው ብቻ እንዲያበቃ አልፈልግም። የለኮሰውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ክብሪቱ የነካውን ሣር ያህል ያልተቆራረጠ ሣር እንዴት ተገኘ ብሎ መጠየቅም የዚያኑ ያህል ተገቢ ነው።

በዚህ ረገድ የባሌ ከብት አርቢዎች የሚያስተምሩን አለ። በተራሮቹ ጫፍ የሚበቅለውን አስታ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ የማቃጠል ልማድ አላቸው፤ ለከብቶቻቸው ለምለም ግጦሽ እንዲገኝ ነው። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። በዚያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ገና ያቆጠቆጠው አስታ ለዓመታት እሳት አያሳልፍም። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ ቁጥቋጦ እንደ ጥፍጥፍ ሥራ ሲቀላቀል አዲሱ ለአሮጌው አጥር ይሆነዋል። ማቃጠል በሙሉ ሲከለከልና ክልከላው ሲሠራ ግን ቁጥቋጦው ሁሉ አንድ ላይ ያረጃል፤ አንድ ክፉ በጋ ሲመጣም በአንድ ጊዜ ይነድዳል። ይህን የምለው ሁሉም ሰው ክብሪት ይያዝ ለማለት አይደለም። እሳትን መከልከልና እሳትን መቆጣጠር አንድ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ አገው ምድር ልመለስ። ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ፣ ከዚያም ወደ ፋግታ ለኮማ የሚጓዝ ሰው የሚያየው ዲከረንስ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የመጣ ለውጥ ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ጤፉን ያጭዳል፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል። ይህ ሥራ ብዙ ቤት አቁሟል፤ አሲዳማውን መሬትም ጠቅሟል። አንድም ቃል ለማጣጣል አልመጣሁም። ዳሩ ግን እንደ ደን ባለሙያ ሦስት ነገሮችን አስተውላለሁ።

አንደኛ፣ ትንንሾቹ ማሳዎች የተለያዩ ባለቤቶች ቢኖሯቸውም ለእሳት አንድ ማሳ ናቸው። ድንበሩን የምናውቀው እኛ ነን፤ እሳት አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ከሰል የሚከሰለው በዚያው በዛፉ መካከል፣ ዕንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ተደፍኖ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ነፋስ አንድ የተከፈተ ክምር የሚረጨው ፍም ሩቅ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዝገት መሰል የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መትቶታል። በዚህ የተጎዳው ገበሬ ኪሳራውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እኔ የምጨምረው፣ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ውኃ እንደሌለው ጉድጓድ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የቆመ ማገዶ ነው።

ሌላም ሥጋት አለ። ዲከረንስ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ከእሳት ጋር ኖሯል። ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘሩ አፈር ውስጥ ቆይቶ ሙቀት ሲነካው ይበቅላል። የአገራችን ጥድ ግን እሳት ከነካው ይሞታል። እሳት ከማሳው አምልጦ እንደ ዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ወዳለው ደን ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ቢገባ፣ የሚጠፋው የዛሬው ዛፍ ብቻ አይሆንም፤ ተከትሎ የሚበቅለውም ይለወጣል።

ታዲያ ቅጠሉ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ቅጠሉ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሠራ ሥራ ነው። በማሳዎች መካከል እሳት የማያሳልፍ ሰፊ መስመር መተው ያስፈልጋል። «ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ ከየት ያመጣል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። የመስመሩ ጥቅም የመንደሩ ሁሉ ሆኖ ሳለ ወጪው የአንድ ሰው ሊሆን አይገባም። ስለዚህ መስመሩ በድንበር ላይ ከሁለቱም ወገን ይውጣ፤ ሥራው በወንፈል ይሠራ። ባዶ መሆንም የለበትም። መስኖ ባለበት በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆም የድንች ማሳ ከማንኛውም ቦይ የተሻለ አጥር ነው። ጎረቤታሞች የመትከያ ዓመታቸውን ቢያፈራርቁም አንዱ ማሳ ደርቆ ሲቆም ሌላው ገና የጤፍ ማሳ ይሆናል።

ከሰል የሚያከስሉ ወገኖቼንም አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ነፋስ በበረታበት ከሰዓት በኋላ ክምር አይከፈት፤ ፍሙ ሳይበርድ ሰው ከቦታው አይራቅ። በበሽታ የደረቀው ዛፍ ደግሞ በጋው ሳይጠነክር ይነሣ።

በቆላው፣ በጃዊ በኩል፣ ነገሩ ይለያል። ያ የሣር ምድር በየዓመቱ የሚቃጠል ነው፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። በሰሜን አውስትራሊያ የአገሩ ተወላጆች ሣሩ ገና በከፊል እርጥብ ሳለ በየቦታው በጥቂቱ በማቃጠል፣ በበጋው ማብቂያ የሚነሣውን ብርቱ እሳት መቀነስ ችለዋል። የጃዊ ሽማግሌዎችና የግብርና ባለሙያዎች አብረው ተቀምጠው እንዲህ ያለ የጊዜ ሰሌዳ ቢያወጡ እወዳለሁ።

ለእናንተ ለተማሪዎች የቀረው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ናሳ ከሳተላይት የሚያገኘውን የእሳት ምልክት በሦስት ሰዓት ውስጥ ለማንም በነጻ ያቀርባል። ስልክ ላይ የሚታየውን ያን ነጥብ በቀበሌው ጆሮ ላይ የሚያደርስ ሰው ግን ያስፈልጋል። በየዓመቱ የት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት ማሳ ላይ እሳት እንደተነሣ ብትመዘግቡ፣ ይህች ወረዳ ከአምስት ዓመት በኋላ በግምት ሳይሆን በመረጃ ትመክራለች።

ከሩቅ የሚመጣ ሄሊኮፕተር መልካም ነው፤ ለደረሰልን ወዳጅም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሄሊኮፕተር የሚጠራው ቅጠሉ ካለፈ በኋላ ነው። መስመሩን የሚጠርገው፣ ክምሩን የሚጠብቀው፣ የደረቀውን ዛፍ የሚያነሣው እጅ ግን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።